ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ባል፦ ሳይተኩስ ሕግ ምን ያደርገዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ መሣሪያ የሚታጠቅ ሴኩሪቲ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ሽጉጥ አለ፣ በራሱ ስም የገዛውም አለ። ሁለት ጊዜ በጥፊ መትቶኛል፣ አንድ ጊዜ አንቆኛል። ሽጉጡን ግን ደግኖብኝ አያውቅም። ስንጣላ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠውና ዝም ብሎ ያየኛል። ‹ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳሽ ነው› ያለኝ ቀንም አለ። ሽማግሌዎቹ ‹ሊያስፈራራሽ ነው እንጂ አይተኩስም፤ ፖሊስ ከጠራሽ ሥራውንም ግሪን ካርዱንም ታሳጪዋለሽ› ይሉኛል። እውነት አደጋ ላይ ነኝ? ሳይተኩስስ ሽጉጡን ሊወስዱበት ይችላሉ?»

እህቴ፣ የሁለቱም መልስ አዎ ነው። ነገር ግን ምን ቀድሞ ምን ይከተላል የሚለው ራሱ ሕይወት ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ስልክሽን እሱ የሚከፍተው ከሆነ ከጓደኛሽ ስልክ ላይ አንብቢው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«አይተኩስም» ከሚለው እንጀምር። የፊላደልፊያ ፖሊስ በ2013 የተጠራባቸውን ከ35 ሺህ በላይ የባልና ሚስት ወይም የፍቅረኛሞች ጠብ የመረመረ ጥናት አለ። ሽጉጥ የታየባቸው 576 ነበሩ፤ ከነዚህ ውስጥ 69 በመቶ በሚሆኑት ሽጉጡ የዋለው ለማስፈራራት ነው። ሴቶቹ ሰውነታቸው ላይ የሚታየው ጉዳት ያነሰ፣ ፍርሃታቸው ግን የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ካለ እኮ መማታት አያስፈልግም። ገንዘቡ የት ገባ፣ ከማን ጋር ስታወሪ ነበር፣ ለእናትሽ ምን ነገርሻት የሚለው ሁሉ ሳይከራከሩበት ያልቃል። ስለዚህ ያንቺ ባል ሽጉጡን «አልተጠቀመበትም» ማለት ትክክል አይደለም፤ ባወጣው ቁጥር እየተጠቀመበት ነው። ፖሊስ ቢመጣና ፊትሽ ላይ ምንም ባያይ፣ የሽጉጡን ነገር ካልነገርሽው የሚመዘግበው «የቃላት ጠብ» ብሎ ነው።

የመገደል አደጋውን በተመለከተ ዛሬም ድረስ ዋናው መነሻ በጆንስ ሆፕኪንስ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ዣክሊን ካምቤል የመሩትና በ2003 የታተመው ጥናት ነው። በ11 የአሜሪካ ከተሞች በባላቸው ወይም በፍቅረኛቸው የተገደሉ 220 ሴቶችን፣ ጥቃት ደርሶባቸው በሕይወት ካሉ 343 ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። የሚያጠቃት ሰው ሽጉጥ ማግኘት የሚችል ሲሆን የሴቲቱ የመገደል ዕድል ከአምስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ሰውየው መውጫ መግቢያዋን የሚቆጣጠር ከሆነና አብረው ከኖሩ በኋላ ከተለየችው ደግሞ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። አንድ ነገር ለሽማግሌዎቹም ንገሪያቸው፦ በዚያው ጥናት ከዚህ በፊት በቤት ውስጥ ጥቃት ታስሮ የሚያውቅ ሰው የመግደሉ ዕድል ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። «ፖሊስ ከገባበት ይብሳል» የሚለው እምነት በቁጥር ሲታይ አይደገፍም።

በጥያቄሽ መሃል በአንድ ቃል ያለፍሽው መታነቅ ከጥፊው ጋር የሚቆጠር አይደለም። በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በትዳር ጓደኛዋ ታንቃ የምታውቅ ሴት በኋላ በእሱ የመገደል ዕድሏ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። በሜሪላንድ ሆን ብሎ ማነቅ ከ2020 ጥቅምት ጀምሮ እንደ አንደኛ ደረጃ ጥቃት የሚከሰስ ከባድ ወንጀል ሆኗል። በቅርቡ የሆነ ከሆነና ድምፅሽ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ራስ ምታት ወይም ዓይንሽ ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ ካለ፣ አንገትሽ ላይ ምንም ምልክት ባይኖርም ድንገተኛ ክፍል ሂጂና «ታንቄ ነበር» በያቸው። የአንገት ደም ሥር ጉዳት ከቀናት በኋላም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የሐኪሙ ማስታወሻም ፍርድ ቤት ያገለግላል።

የሜሪላንድ ፖሊሶች እንዲህ ያለ ቤት ሲደርሱ የሚጠይቁት ባለ 11 ጥያቄ ቅጽ አለ። ከ2005 ጀምሮ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፦ በመሣሪያ ጎድቶሽ ወይም አስፈራርቶሽ ያውቃል? አንቺን ወይም ልጆችሽን እገድላለሁ ብሎ ያውቃል? ሊገድለኝ ይችላል ብለሽ ታስቢያለሽ? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ አዎ ካልሽ፣ ፖሊሱ ወዲያውኑ ወደ ጥቃት ሰለባዎች መስመር ደውሎ እንድታነጋግሪያቸው ይጋብዝሻል። አራተኛው ጥያቄ «ሽጉጥ አለው ወይ፣ በቀላሉስ ማግኘት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ማነቅ፣ ስለ ቅናት፣ ስለ መለያየት፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ራሱን ለማጥፋት ስለ መሞከር፣ ስለ መከታተል ይቀጥላል። ብዙ ሴቶቻችን እዚህ ላይ «ኧረ እንደሱ እንኳ አይደለም» እያሉ ያለሳልሳሉ። ፖሊሱ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ልጅሽን ደግሞ አታስተርጉሚ፤ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ካልሽ በስልክ ያገናኙሻል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በሜሪላንድ «ጥቃት» የሚባለው ድብደባ ብቻ አይደለም፤ ከባድ የአካል ጉዳት ሊደርስብኝ ነው ብለሽ ወዲያው እንድትፈሪ የሚያደርግ ድርጊትም በሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ «ሬሳሽ ነው የሚወጣው» ማለት እዚህ ውስጥ ይገባል። የምትጠይቂው ፕሮቴክቲቭ ኦርደር፣ ማለትም የጥበቃ ትዕዛዝ ነው። ማመልከቻው አይከፈልበትም። በዲስትሪክት ወይም በሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይገባል፤ ፍርድ ቤቱ በተዘጋበት ሌሊትና ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ኮሚሽነር ዘንድ ትሄጃለሽ። ኮሚሽነሩ የሚሰጥሽ እስከ ቀጣዩ ችሎት የሚያቆይ ነው። ዳኛ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትዕዛዝ ለእሱ ከደረሰው ጀምሮ 7 ቀን ይቆያል፤ ሊራዘምም ይችላል። ከዚያ ሁለታችሁም የምትቀርቡበት የመጨረሻው ችሎት ይመጣል፤ እዚያ የሚሰጠው ትዕዛዝ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ወረቀት ያላወጣችሁ ከሆነም ችግር የለም። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 90 ቀን እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ከኖራችሁ ወይም ልጅ ካላችሁ ማመልከት ትችያለሽ። ጸሐፊው ወይም ኮሚሽነሩ ግን ግንኙነታችሁን ካልተረዳ «ፒስ ኦርደር» የተባለውን ሌላ ቅጽ ሊሰጥሽ ይችላል። እሱ ለጎረቤትና ለማያውቁት ሰው የተሠራ ነው፤ መሣሪያ የማስረከብ ግዴታም አያመጣም። የያዝሽው ቅጽ የትኛው እንደሆነ አረጋግጪ።

ሽጉጡ በሦስት መንገድ ሊወሰድ ይችላል። ፖሊስ ለቤት ውስጥ ጥቃት ተጠርቶ ሲመጣና ጥቃት መፈጸሙን የሚያሳምን ምክንያት ሲያገኝ፣ እዚያ ያየውን መሣሪያ ይዞ መሄድ ይችላል። ጊዜያዊ ትዕዛዝ ላይ፣ እሱ ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ ዳኛው መሣሪያውን እንዲያስረክብ ማዘዝ ይችላል፤ ለዚህ ግን በሽጉጥ መጠቀሙን ወይም ማስፈራራቱን፣ አለዚያም ከባድ ጉዳት ማድረሱን ወይም አደርሳለሁ ማለቱን ማመልከቻው ላይ ማየት አለበት። የመጨረሻው ትዕዛዝ ሲሰጥ ግን ለዳኛው ምርጫ የተተወ አይደለም። ትዕዛዙ እስካለ ድረስ መሣሪያውን ሁሉ ለፖሊስ ወይም ለሸሪፍ ያስረክባል፣ ሌላም አይይዝም። ጥቃት ፈጽሜያለሁ ሳይል በስምምነት ትዕዛዙን ቢቀበል እንኳ ይኸው ነው።

የፌዴራሉም ሕግ አለ። ሁለቱም ወገን የመሰማት ዕድል ባገኙበት ችሎት የተሰጠ የጥበቃ ትዕዛዝ ያለበት ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ ከ1994 ጀምሮ ተከልክሏል፤ በ1996 ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት፣ ጥፋቱ ቀላል ወንጀል ቢሆንም እንኳ፣ እንዲሁ። የመጀመሪያው ክልከላ የመሣሪያ መብትን ይጥሳል ተብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍቅረኛውን ከደበደበና ድርጊቱን ባየ ሰው አቅጣጫ ከተኮሰ የቴክሳስ ሰው ጉዳይ የተነሣው ክርክር በ2024 ሰኔ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ሕጉን በማጽናት ተዘግቷል። «ሕጉ ሊሻር ነው እኮ» የሚልሽ ካለ ያረጀ ወሬ ነው ያለው። የፌዴራሉ ሕግ ለመንግሥት ሥራ መሣሪያ ለሚይዙ ፖሊሶችና ወታደሮች በትዕዛዙ ጊዜ የተወሰነ ቀዳዳ ይተዋል፤ ለግል ኩባንያ የሚሠራ ሴኩሪቲ ግን በዚያ አያልፍም።

ማመልከቻው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የመሣሪያውን ቦታ በደፈናው መሙላት ነው። «ሽጉጥ አለው» አይበቃም። እንዲህ ይጻፍ፦ ሁለት ሽጉጥ አሉ፤ አንደኛው ጥቁር፣ የመሥሪያ ቤቱ፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ቀበቶው ላይ፣ ማታ መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፤ ሁለተኛው የራሱ፣ መኪናው ውስጥ ሹፌሩ መቀመጫ ሥር፤ ጥይት መሳቢያ ውስጥ። የመሥሪያ ቤቱን ስምና የሥራ ሰዓቱንም ጻፊ። የማስረከብ ትዕዛዝ ብቻውን ቤቱን ለመፈተሽ ፈቃድ ስላልሆነ፣ ሸሪፉ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቀው «የለኝም» ቢል ሊያልፍ ይችላል። ዝርዝር ካለ ግን «መኪናህ ውስጥ ያለውስ?» ይለዋል። የሽጉጡን ሳጥን፣ ደረሰኝ፣ ፈቃድ፣ የሥልጠና ወረቀት ካገኘሽ ሳትነኪው ፎቶ አንሺው። በመጨረሻው ችሎት ላይም ዳኛው በመሐላ «ስንት መሣሪያ አለህ? የት ነው ያለው?» ብሎ እንዲጠይቀው ለምኚ።

ማስረጃ ስትሰበስቢ አንድ ወጥመድ አለ። በሜሪላንድ የሰውን ንግግር ሳያውቅ ድምፅ መቅዳት ወንጀል ነው፤ ሲዝትብሽ በስልክ ቀድተሽ ፍርድ ቤት ብታቀርቢ አንቺው ትጠየቂያለሽ። እሱ ራሱ የላከልሽ የቴሌግራም ድምፅና ጽሑፍ፣ መልእክት መቀበያ ላይ የተወው ቃል ግን ይሆናል። አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመሽ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ አትሚው። የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ አውጥተሽ የመታሽን፣ ያነቀሽን፣ ሽጉጥ ያወጣበትን ቀን ምልክት አድርጊ። አደጋ የሚመዝኑ ባለሙያዎችም መጀመሪያ የሚያሠሩት ይህን ነው፤ «ሁለት ሦስቴ ብቻ» ያለችው ብዙውን ጊዜ ቀን መቁጠሪያው ላይ አሥር ሆኖ ይገኛል። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ በነፃ ነው፤ አስቀድመሽ ጠይቂ።

አሁን የማትሠሪው። ሽጉጡን አትደብቂ፣ ጥይቱን አታውጪ፣ አትጣይው። ሴኩሪቲ ሥራ ከመግባቱ በፊት መሣሪያውን ስለሚፈትሽ በዚያው ቀን ያውቅብሻል። ካርታው ወጣ ማለትም ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ሽጉጡ ውስጥ አንድ ጥይት ተጎርሶ ሊቀር ይችላል። ያለ ፈቃድ በቦርሳሽ ይዘሽ ብትገኚ ደግሞ ተከሳሿ አንቺ ነሽ። «ለአጎቴ ይስጠውና እሱ ጋ ይቀመጥ» የሚለው የሽምግልና መፍትሔም አይሠራም፤ የመጀመሪያው እርቅ ቀን ይመለስለታል፣ ተቀባዩም ሕግ ይነካዋል። አንቺ ለመከላከያ ሽጉጥ ልግዛ ካልሽ፣ በሜሪላንድ ፈቃዱ፣ ሥልጠናውና 7 ቀን መጠበቁ ሳምንታት ይፈጃል፤ ውጤቱም እሱ የሚያውቃት አንድ ተጨማሪ ሽጉጥ ቤት ውስጥ መኖር ነው። አይመከርም።

ጠብ ሲነሣ ከመኝታ ቤትና ከማድ ቤት ራቂ፤ በር ወዳለበት ክፍል ተጠጊ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ መቆለፍ መጥፎ ነው፤ መውጫ የለውም፣ በሩንም ጥይት ያልፈዋል። 911 ስትደውዪ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሽጉጥ አለው» ይሁን፣ ቀጥሎ አድራሻ፣ ከዚያ ሽጉጡ አሁን የት እንዳለ። መናገር ካልቻልሽ በሜሪላንድ ወደ 911 ጽሑፍ መላክ ይቻላል።

ከሁሉ አደገኛው ሰዓት ትዕዛዙ እጁ የሚገባበት ነው። በዚያን ቀን አንቺና ልጆቹ እሱ በማያውቀው ቤት መሆን አለባችሁ፤ ሥራ ቦታሽም ትምህርት ቤቱም የትዕዛዙ ቅጂ ይኑራቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ትዕዛዙ ለእሱ መድረሱን በስልክ የሚያሳውቅሽ ቫይን የተባለ አገልግሎት አለ፤ ማመልከቻውን ያስገባሽ ዕለት ተመዝገቢ። ስትወጪ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ መድኃኒት፣ የባንክ ካርድ ያዢ። ስልክሽ ላይ ቦታ ማጋሪያውን፣ የጋራ አካውንቱን፣ የመኪናውን መተግበሪያ ከአማካሪ ጋር ሆነሽ ፈትሺ፤ አስቀድመሽ ብታጠፊው ራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆንበት ስለሚችል የምትወጪበት ቀን ይሁን። ዕቅዱን ከብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ጋር ሥሪ፤ 1-800-799-7233፣ ቀንና ሌሊት፣ አማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆንሽ ሮክቪል ያለው ፋሚሊ ጀስቲስ ሴንተር ውስጥ ፖሊስ፣ የሕግ ድጋፍና አማካሪ በአንድ ሕንፃ ይገኛሉ። ባልቲሞር አካባቢ ሃውስ ኦፍ ሩዝ የተባለ የጥቃት ሰለባዎች መርጃ ድርጅት አለ።

የሽማግሌዎቹ ስጋት ሁሉም ባዶ አይደለም፣ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስ። መሣሪያ ይዞ የሚሠራበትን ሥራ፣ የመጨረሻው ትዕዛዝ እስካለ ድረስ ያጣል፤ ይህ እውነት ነው። መሣሪያ የማይያዝበት ምድብ ካለ መጠየቅ የእሱ ፋንታ ነው። አንቺ ደግሞ በዚያው ማመልከቻ ጊዜያዊ የቤተሰብ መተዳደሪያ ገንዘብ፣ ቤቱን የመጠቀም መብትና የልጆች አሳዳጊነትን መጠየቅ ትችያለሽ። ግሪን ካርዱን በተመለከተ፦ የጥበቃ ትዕዛዝ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ መውጣቱ ብቻውን ከአገር አያስባርርም። የሚያስባርረው ትዕዛዙን መጣሱ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ወይም በመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባሉ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሊረዳው ከፈለገ «መሣሪያህን ዛሬውኑ አስረክብ፣ አትደውልላት፣ የወንጀል ክስ ካለብህ ሳታምን በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር» ይበለው። ግሪን ካርድ ይዞ በሕግ ሽጉጥ መግዛት ይቻላል፤ ወረቀት የሌለው ሰውና አብዛኛው በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከመጀመሪያውም አይፈቀድለትም። ያንቺ ወረቀት በእሱ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ጥቃት የደረሰባት የዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት እሱ ሳያውቅ በራሷ የምታመለክትበት ቫዋ የተባለ መንገድ አለ። ታሂሪ ጀስቲስ ሴንተር እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ይይዛል።

አገር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ የአባወራ ክብር ሆኖ ያደገ ሽማግሌ፣ መኝታ ቤት ያለ የተጎረሰ ሽጉጥ አያስደነግጠው ይሆናል። ክፋት አይደለም። ግን ያ ጠመንጃ ወደ ሚስት የሚዞር አልነበረም ብሎ የሚምልልሽም የለም።

ለብዙዎች የማይታወቅ አማራጭ ደግሞ ይህ ነው፦ ትዕዛዝ ማውጣት የግድ ትዳር ማፍረስ አይደለም። «አብረን እንኑር፣ ነገር ግን እንዳይነካኝ፣ እንዳያስፈራራኝ» የሚል የመጨረሻ ትዕዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ መሣሪያ ማስረከቡ ያኔም ይቀጥላል። በኋላ እርቅ ከመጣና «ክሱን አንሺ» ከተባልሽ፣ ማንሳት ትተሽ ዳኛው እንዲያሻሽለው ጠይቂ። የምታነሺው ቀን ሽጉጡ የሚመለስበት በር ይከፈታል። ትዕዛዝና ማስረከብ አብረው በሕግ በተደነገጉባቸው ግዛቶች ከ1991 እስከ 2015 የተደረገ ጥናት፣ በባልና ሚስት መካከል በጥይት መገዳደል በ14 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

«ራሴን አጠፋለሁ» ማለት ከጀመረ እንደ ልመና አትውሰጂው፤ በአደጋ መመዘኛው ላይ የሚጠየቅ ምልክት ነው፣ ራሱን የሚያጠፋ ባል ሚስቱን ቀድሞ ሊገድል ይችላልና። ለዚህ በሜሪላንድ ከ2018 ጥቅምት ጀምሮ ሌላ ትዕዛዝ አለ፤ ለራሱ ወይም ለሌላ አደገኛ ከሆነ ሰው መሣሪያ ብቻ የሚወስድ። ሚስት፣ ዘመድ፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ ሊያመለክት ይችላል። ወንድሙ ከተጨነቀ እሱ ያመልክት፤ አንቺ ፊት ለፊት ሳትወጪ ሽጉጡ ከቤት ይወጣል። ከቤት መራቅን፣ ልጆችንና ገንዘብን ግን አይመለከትም፣ ስለዚህ የጥበቃ ትዕዛዙን አይተካም።

የመጨረሻው ትዕዛዝ የሚያበቃበትን ቀን ከሁለት ወር በፊት ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አድርጊ። ማራዘሚያ የሚጠየቀው ሳያልፍ ነው፤ በቂ ምክንያት ካለ ስድስት ወር ይጨመራል፣ በትዕዛዙ ጊዜ ደግሞ እንደገና ጥቃት ከፈጸመ እስከ ሁለት ዓመት። በወንጀል ካልተፈረደበትና ሌላ ክልከላ ከሌለበት ቀኑ ሲያልፍ መሣሪያውን ለመመለስ ያመለክታል፤ ሳትጠይቂ የሚነግርሽ ስለሌለ የወሰደበት ፖሊስ ጣቢያ የትኛው እንደሆነና የመዝገብ ቁጥሩን ከአሁኑ ጽፈሽ ያዢ።